የተማረከው ሰው ሲደበደብ አይቼ ደስ አለኝ

  ሱረቱል ከህፍን ገና ያልቀራችሁ ካላችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅሩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ቪዲዮ ላከልኝ። እጁ ወደ ኋላ የታሰረ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። የከበቡት ሰዎች እየተፈራረቁ በዱላ ይመቱታል። ስልኩን ይዞ የሚቀርጸው ሰው ይስቃል። ከሥሩ ወንድማችን እንዲህ ጽፎልኛል፦ «ኡስታዝ፣ እነዚህ ሰዎች ታላቅ ወንድሜን ገድለውብኛል። ይሄን ሳይ ደስ አለኝ፤ ለጓደኞቼም ላክሁት። ከዚያ ለመግሪብ ስቆም ሶላቱ ከበደኝ። ወንጀል ነው እንዴ?»

የታሰረው ሰው የየትኛው ወገን ታጣቂ እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ታቆማላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጋችሁ ትቀጥላላችሁ።

መልሱን ቶሎ አልሰጠሁትም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። «ወንጀል ነው፣ ተውበት አድርግ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር። ወንድሙን ለቀበረ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም። ደግሞ ይህን የጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን በተከሰቱት ጦርነቶች ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ በተለያየ ቃል ሲደርሰኝ ቆይቷል። ስለዚህ ለሱ የጻፍሁለትን አስፋፍቼ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ስንማር መምህራችን ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ከፈለው። በቀኝ በኩል «ለምን ትዋጋለህ?» በግራ በኩል «እንዴት ትዋጋለህ?» ብሎ ጻፈ። ከዚያም የአንዱ መልስ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም አለን። ምክንያትህ እውነት ሆኖ አካሄድህ ግፍ ሊሆን ይችላል። መምህራችን የጠቀሰልን ሆላንዳዊው ግሮቲየስ በ1625 ስለ ጦርነትና ሰላም ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ ነበር። እኔ ደግሞ ክረምት ላይ መድረሳ ስመለስ ሸይኻችንን ጠየቅኋቸው። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ ስለዚሁ ጉዳይ፣ ስለ ሲየር፣ ራሱን የቻለ ኪታብ እንደጻፉ ነገሩኝ። ሸይባኒ የሞቱት በ189 ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ከግሮቲየስ መጽሐፍ 800 ዓመት በፊት። ደስ ብሎኝ ፈገግ ስል ሸይኻችን አዩኝና «ኪታቡ መደርደሪያ ላይ ስላለን ምን ያስደስትሃል? ሰዉ ይሠራበታል ወይ?» አሉኝ። ያን ቀን አፍሬ ወጣሁ፤ ይህን ቪዲዮ ሳይ ደግሞ እንደገና አፈርሁ።

ወንድማችን መልእክቱ ውስጥ ያደረገው መስመሩን መሰረዝ ነው። «ወንድሜን ገድለዋል» የሚለው የቀኝ በኩል ጉዳይ ነው። «ስለዚህ የታሰረው ይደብደብ» የሚለው የግራ በኩል ነው። በመካከላቸው ያለው «ስለዚህ» ከየት መጣ?

መጀመሪያ በቀኝ በኩል ያለውን እንይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መካ ውስጥ 13 ዓመት ሲሰብኩ ሱመያ (ረ.ዐ) ተገድላለች፣ ቢላል (ረ.ዐ) በጋለ አሸዋ ላይ ተንጋሎ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ኸባብ (ረ.ዐ) በፍም ጀርባው ተቃጥሏል። ኸባብ በካዕባ ጥላ ሥር ሄዶ ሲያማርርላቸው ያገኘው መልስ ትዕግሥት ነበር፤ እንደምትቸኩሉም ተነገረው። «ያኔ ስላልቻሉ ነው እንጂ ይዋጉ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ በዐቀባ ሌሊት የሆነውን ይመልከት። ከመዲና የመጡ 73 ወንዶችና 2 ሴቶች ቃል ኪዳን ገቡ። ከመካከላቸው ዐባስ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ከፈቀዱ ነገ ጠዋት ሚና ላይ ባሉት ሰዎች ላይ ሰይፋችንን ይዘን እንወርድባቸዋለን ሲል ጠየቀ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ አልታዘዝንም ብለው ወደየድንኳናቸው መለሷቸው። ሰይፍም ሰውም ነበረ። ያልነበረው ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ የመጣው ከሂጅራው ጋር ተያይዞ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ስለ ውጊያ መጀመሪያ የወረደችው አንቀጽ ናት ያላት በሱረቱል ሐጅ 39ኛዋ ናት። ሄዳችሁ ተፍሲሩን አንብቡት። አላህ «ተዋጉ» ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ምክንያቱን አብሮ ነገረን፦ የተበደሉ በመሆናቸው፣ ጌታችን አላህ ነው ከማለት ሌላ ጥፋት ሳይኖርባቸው ከቤታቸው በመባረራቸው። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ አላህ ከፊሉን ሰው በከፊሉ ባይከላከል ኖሮ የሚፈርሱትን ቤቶች ይዘረዝራል። የመነኮሳት ገዳማት፣ ቤተ ክርስቲያናት፣ ምኩራቦች፣ ከዚያም መስጊዶች። የኛ ቤት መጨረሻ ላይ ነው የተጠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰይፍ የተፈቀደባት አንቀጽ የሌላውን ሰው ማምለኪያ ከኛው ጋር አብራ ታነሳለች። ነጋሽ ያለው የነጃሺ መስጊድ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሲጎዳ ሐዘናችን ምን ያህል እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ጎረቤታችንም የራሱ ማምለኪያ ሲጎዳ እንደዚያው ነው የሚያመው።

ሱረቱ ኒሳእ 75ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ መሸሻ አጥተው ጌታቸውን የሚማጸኑ ደካማ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት። ስለዚህ የተበደለን መከላከል፣ የታፈነን ማዳን። በአንቀጾቹ ውስጥ ቂም አታገኙም፣ የጎሳ ክብርም አታገኙም። አንድ ሰው ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ አንዱ ለምርኮ ይዋጋል፣ አንዱ ለስም ይዋጋል፣ አንዱ ጀግንነቱ እንዲታይለት ይዋጋል፤ በአላህ መንገድ ያለው የትኛው ነው ሲላቸው፣ ከሦስቱ አንዱንም አልመረጡለትም። የአላህ ቃል የበላይ እንድትሆን የተዋጋ ነው አሉት።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ላይ ደግሞ ለዐሰቢያ ተቆጥቶ፣ ወደ ዐሰቢያ ተጣርቶ፣ ዓላማው በማይታወቅ ባንዲራ ሥር ተዋግቶ የሞተ ሰው አሟሟቱ የጃሂሊያ ነው ተብሏል። ዐሰቢያ ማለት ወገኔ ስለሆነ ብቻ፣ እውነት ይዞም ይሁን ሐሰት፣ ከሱ ጎን መሰለፍ ነው። ይህን ሐዲስ ኹጥባ ላይ ስናነሳው ሁሉም ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁሉም የሚያስበው ግን ስለ ሌላው ብሔር ነው። እስቲ ዛሬ ስለ ራሳችን እናስብ።

ሌላው ጥያቄ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ጦርነት ማወጅ አይችልም። ዑለማዎቻችን ጦርነትን በመሪ ኃላፊነት ሥር ያደረጉት ለመሪ ስለሚያዳሉ አይደለም። ደም የማንም ስሜት እንደመራው የሚፈስ ነገር እንዳይሆን ነው። መሪውም ቢሆን ጥያቄ አያመልጠውም። የሙስሊሞች እርስ በርስ ጦርነት በተነሳ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) አልሰለፍም ብሎ ከመዲና ወጣ አለ። በአላህ መንገድ መጀመሪያ ፍላጻ የወረወረ ጀግና ነው፤ ፈሪ ነው የሚለው የለም። ለምን አትዋጋም ሲሉት ሁለት ዐይንና ምላስ ያለው፣ ይሄ አማኝ ነው ይሄ ከሃዲ ነው ብሎ የሚለይልኝ ሰይፍ አምጡልኝ አላቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኡሳማ ካልገደለ በስተቀር እኔም ሙስሊም አልገድልም አለ።

ለምን ኡሳማን ጠራ? ይህን ታሪክ በተለይ ወጣቶች እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) እናቱ ኡሙ አይመን በረካ ናት፤ የሐበሻ ልጅ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጣም የሚወዱት ልጅ ነበር። ገና ወጣት ሳለ በአንድ ዘመቻ ላይ አንድን ተዋጊ አሳድዶ ደረሰበት። ሰይፉን ሲያነሳ ሰውዬው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። አብሮት የነበረው አንሷር እጁን ሰበሰበ። ኡሳማ ግን በጦሩ ወግቶ ገደለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ከዚያ ቃል በኋላ ገደልከው ወይ ብለው ጠየቁት። ነፍሱን ለማዳን ብሎ፣ መሣሪያ ፈርቶ ነው ያለው አላቸው። ልቡን ሰንጥቀህ አየኸው ወይ አሉት። ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ጠየቁት፤ ምነው ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምሁ እስኪል ድረስ።

አስተውሉ። ያ ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ ሙስሊሞችን ሲገድል የነበረ ሰው ነው። ኡሳማ የተሰለፈበት ጦርነት ደግሞ ምክንያቱ ትክክል የነበረ፣ በነቢዩ የተላከ ዘመቻ ነው። በመምህራችን ሰሌዳ የቀኝ በኩሉ ሙሉ ነው። የሚወዱት ልጅ ነው ብለው ግን አላለፉትም። ኡሳማም ከዚያ በኋላ በፊትናው ጊዜ ሰይፉን አልመዘዘም። ሰዕድ የሱን ስም የጠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታሰረው ሰው እንመለስ። ቪዲዮውን የላከልኝ ወንድሜ፣ ይህን ክፍል ላንተ ነው የምጽፈው።

በበድር ቀን፣ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ 70 ያህል ቁረይሾች ተማረኩ። እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞቹን ያሰቃዩና ከሀገር ያባረሩ፣ ንብረታቸውን የወረሱ ናቸው። ከምርኮኞቹ አንዱ አቡ ዐዚዝ የሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር ወንድም ነበር። በኋላ ሲያወራ ምን አለ? የያዙት አንሷሮች ምግብ ሲቀርብ ዳቦውን ለሱ እየሰጡ ራሳቸው ቴምር ይበሉ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ምርኮኞች አደራ ስላሏቸው። እሱም እያፈረ ዳቦውን ይመልስላቸዋል፣ እነሱም ሳይነኩት መልሰው ይሰጡታል። በዚያ ዘመን መዲና ቴምር ሞልቶ ዳቦ ነበር ውዱ። (የገዛ ወንድሙ ሙስዐብ ግን ለያዘው ሰው «ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ እናቱ ሀብታም ናት» ማለቱ ያስቀኛል። ፍትሕ ማለት ሞኝነት አይደለም።)

ሌላው ምርኮኛ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ነበር። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ሰውን በነቢዩ ላይ የሚያነሳሳው በንግግሩ ነው። እንደ ዛሬው ቢሆን ብዙ ተከታይ ያለው ሰው በሉት። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገበው ዑመር (ረ.ዐ) ሁለት የፊት ጥርሶቹን ላውልቅለትና ከእንግዲህ የትም ቆሞ እንዳይናገርብዎ ላድርገው ብሎ ጠየቀ። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው ጥፋተኛ ነው፣ ቅጣቱም ከጥፋቱ ጋር የሚገጥም ይመስላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን እምቢ አሉ። አካሉን አላጎድልም፤ ነቢይ ብሆን እንኳ አላህ የኔን ያጎድልብኛል አሉ። ደግሞም አንድ ቀን የማትነቅፈው ቦታ ላይ ይቆም ይሆናል አሉት።

አራት ዓመት አለፈ። በ6ኛው ዓመት ሁደይቢያ ላይ ቁረይሾች ለድርድር የላኩት ማንን ነው? ሱሀይልን። ጥርሱ እንዳለ፣ አንደበቱ እንዳለ መጣ። ስምምነቱ ላይ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው እንዲሰረዝ ያስደረገው እሱ ነው። የሰለመው የገዛ ልጁ አቡ ጀንደል በሰንሰለት ታስሮ እየዳከረ ሲመጣ መልሱልኝ ያለውም እሱ ነው። ሶሓቦች በንዴት ሊፈነዱ ደረሱ። ሆኖም የ10 ዓመት ሰላም የተፈረመው ከሱ ጋር ነው። በበድር ማግስት ጥርሱን ያወለቁት ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያ ዛፍ ሥር ምን ዓይነት ንግግር ይኖር ነበር? ሱሀይል በመካ መከፈት ጊዜ ሰለመ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመት ሲሞቱ የመካ ሰዎች ሊናወጡ ሲሉ ካዕባ ዘንድ ቆሞ በንግግሩ ያረጋጋቸው እሱ ነበር። ሊወልቁ በነበሩት ጥርሶች ነው የተናገረው።

አንድ ሐቀኛ ጥያቄ አውቃለሁ፤ ከበድር ምርኮኞች ሁለቱ፣ ዑቅባና ነድር፣ ተገድለው የለም ወይ ትሉኛላችሁ። የሲራ መጻሕፍት ይህን ይዘግባሉ፤ አልደብቅም። በመሪ ውሳኔ፣ በታወቀ ልዩ ጥፋታቸው የተወሰነባቸው ናቸው። ከ70 ውስጥ ሁለት። የምትልኩልኝ ቪዲዮ ላይ ውሳኔም የለም፣ የተጣራ ጥፋትም የለም። ያለው ዱላና ሳቅ ነው።

«እነሱም በኛ ሰዎች ላይ ያደርጋሉ» ትላለህ። አውቃለሁ። በኡሑድ ቀን 70 ሙስሊሞች ሞቱ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) ሆዱ ተቀዶ፣ አካሉ ጎድሎ ተገኘ። እንደዚያ ቀን አዝነው አያውቁም ይባላል። ድል ከሰጠኝ ከነሱ በብዙ ሰዎች ላይ እንዲሁ አደርጋለሁ እስከማለት ደረሱ። የዚህን ጊዜ በሱረቱ ነሕል 126ኛው አንቀጽ ወረደ፦ ብትበቀሉ በተደረገባችሁ ልክ ብቻ፣ ብትታገሡ ግን ለታጋሾች የተሻለ ነው። እሳቸውም ታገሡ፤ ከዚያ ወዲህ የጠላትን አካል ማጉደል እስከ መጨረሻው ከለከሉ። ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘመን ላይም ሮማውያን ስምምነት አፍርሰው ሳለ በመያዣነት የተሰጡትን ሰዎቻቸውን መግደል እምቢ ተብሏል። ክዳትን በክዳት አንመልስም ነው ነገሩ።

ሐምዛን የገደለው ወሕሺ ሐበሻ ባሪያ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሰልሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀረበ። እንዴት እንደገደለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። አልገደሉትም፤ አላሰቃዩትም። ፊትህን ከኔ ልትሰውር ትችላለህ ወይ ብቻ አሉት። ወንድሜ፣ ይህን አንቀጽ ደጋግመህ አንብበው። የነቢይ ልብ እንኳ ያመዋል። የአጎታቸውን ገዳይ ማየት ከበዳቸው፤ ዓይኔ እያየ አልችልም ማለት ተፈቀደላቸው። አንተም ያንን ወገን ማየት ቢያምህ፣ ድምፃቸውን መስማት ቢያስጠላህ፣ ማንም ጨካኝ ነህ አይልህም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ቪዲዮውን እንዳየህ ልብህ ላይ ብልጭ ያለው ደስታ በራሱ አይመዘገብብህም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ነፍስ የምታወራውን ነገር እስካልተናገርንበትና እስካልሠራንበት ድረስ አላህ ለዚህ ኡማ ይቅር እንዳለ በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሯል። ለጓደኞችህ የላክኸው ግን ንግግር ነው። የሚስቀውን ምስል ከሥሩ ያስቀመጥኸው ንግግር ነው። ቪዲዮው በደረሰበት ስልክ ሁሉ ያ ሰው እንደገና ይመታል፤ አንዱ ጥግ ያለ ሌላ ወጣት ደግሞ ነገ የኛን ሰው ሲይዝ ይህን ቪዲዮ አስታውሶ ዱላ ያነሳል። ከላክህላቸው ሰዎች አጥፉልኝ ብለህ ጠይቅ። ያፍሩብህ፤ ምንም አይደለም። ወንድምህን የገደለው እገሌ ነው ብለህ የምታውቀው ነገር ካለህ ደግሞ ጻፈው፣ ምስክር ያዝ፣ ለፍርድ ይቀመጥ። ቂሳስ በዲናችን መብትህ ነው፤ ግን የገዳዩን እንጂ የገዳዩን ዘር አይደለም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሱረቱል ማኢዳ 8ኛውን አንቀጽ አትርሳ፤ ሰዎችን መጥላታችሁ ፍትሕን እስከመተው እንዳያደርሳችሁ ያስጠነቅቃል። ጥላቻውን የለም አላለም፤ አለ ብሎ ነው ገደቡን ያበጀለት።

አንድ ነገር ልጨምር። አቡበክር (ረ.ዐ) ጦር ወደ ሻም ሲልክ ለአዛዡ የዚድ ኢብኑ አቢ ሱፍያን ከሰጠው ምክር ውስጥ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ አትግደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አትቁረጥ፣ ለመብል ካልሆነ በግ ወይም ግመል አትረድ፣ ሰው የሚኖርበትን ቦታ አታፍርስ፣ በገዳም ራሳቸውን ለአምልኮ ያገለሉትን ተዋቸው የሚል አለበት። እኛ የገበሬ ልጆች ነን፤ የታረደ የእርሻ በሬ፣ የተቃጠለ ክምር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። በኮመንት መስኮቱ ላይ «ይቃጠልላቸው» ብለን ስንጽፍ ግን የማን ክምር እንደሆነ አናስብም።

መልሱን ትናንት ማታ ላክሁለት። አይቶታል፤ እስካሁን አልጻፈልኝም፤ አልገፋውምም። ዛሬ ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት ታውቋታላችሁ፤ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ናት ተብላ የምትጠበቀዋን። ለወንድሙ አላህ እንዲያዝንለት፣ ለእናታቸው ሶብር እንዲሰጣት ለምኑላቸው። ልባችሁ ከፈቀደ ደግሞ ለዚያ እጁ ወደ ኋላ ለታሰረው ሰው። የት እንደደረሰ አላውቅም፤ እሱንም የምትጠብቅ እናት ትኖረው ይሆናል።